እስጢፋኖስን የቀበሩት ሰዎች፦ ቤተ ክርስቲያንና ድንገተኛ ሐዘን

ቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያውን ሰማዕት የቀበረችበት ቀን በሐዋርያት ሥራ 8፥2 ላይ በአንዲት አጭር ቁጥር ተጽፎ አልፏል። እስጢፋኖስ ታሞ የሰነበተ ሰው አልነበረም። ማዕድ እንዲያገለግሉ ከተመረጡት ከሰባቱ አንዱ ነበር፤ መበለቶች በየዕለቱ የሚያውቁት አገልጋይ። በሐሰት ተከሰሰ፣ በሸንጎ ፊት ቆመ፣ ከዚያም ከከተማ ውጭ አውጥተው በድንጋይ ወገሩት። ሉቃስ ለንግግሩና ለአሟሟቱ ሰፊ ቦታ ከሰጠ በኋላ ስለ ቀብሩ ሁለት ነገር ብቻ ይነግረናል፦ እግዚአብሔርን የሚፈሩ ሰዎች እንደ ቀበሩትና እጅግ እንዳለቀሱለት።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ልናስተውል ይገባል። እስጢፋኖስ የሞተው ሰማይ ተከፍቶ፣ ጌታ ኢየሱስ በአብ ቀኝ ቆሞ እያየ ነው። ወዴት እንደ ሄደ አማኞቹ የሚጠራጠሩበት ምክንያት አልነበረም። ቀባሪዎቹ ግን አለቀሱ፤ ያውም በለሆሳስ አይደለም። ሉቃስ የተጠቀመበት የግሪክ ቃል «ኮፔቶስ» ይባላል፤ ደረት እየተደቃ የሚለቀስ ልቅሶ ነው። ሳውል በየቤቱ እየገባ አማኞችን ወደ ወኅኒ በሚያስገባበት በዚያው ሰሞን በድምፅ ማልቀስ ራስን ማጋለጥም ነበር። ሉቃስ እነዚህን ሰዎች እምነት የጎደላቸው አይላቸውም። እግዚአብሔርን የሚፈሩ ይላቸዋል።

አሁን ወደ ራሳችን ድንኳን እንምጣ። ልጇ ጠዋት ለሥራ እንደ ወጣ በመኪና አደጋ የቀረባት እናት ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስሙን ስትጠራ ከጎኗ ያለች እኅት ክንዷን ይዛ «ተይ፣ አታልቅሺ፤ አንቺ እኮ አማኝ ነሽ» ትላታለች። ሌላው ተቀብሎ «ጌታ ስለ ወደደው ነው የወሰደው» ይላል። ከማእዘን አንዱ መዝሙር ያነሣል፣ ሁሉም ይከተላል፣ የእናቲቱ ድምፅ ይዋጣል። ይህን ያላየ ወንጌላዊ አማኝ በመካከላችን የለም። የሚያደርጉትም ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ሌሊቱን ሁሉ አብረዋት የሚያድሩ፣ ንፍሮ የሚቀቅሉ፣ ውኃ የሚቀዱ ቅዱሳን ናቸው። ነገር ግን በሐዘን ሰዓት የተባለ ቃል ዕድሜ ልክ አይረሳምና ይህ ልማድ ከየት እንደ መጣ መጠየቅ አለብን።

ብዙዎቻችን ወደ 1ኛ ተሰሎንቄ 4፥13 እንጠቁማለን። ጳውሎስ በተሰሎንቄ የቆየው ጥቂት ጊዜ ነበር፤ ሁከት ተነሥቶበት በሌሊት ሸኝተውት ወጣ። ከሄደ በኋላ ከዚያች ጨቅላ ጉባኤ መካከል የሞቱ ሰዎች ነበሩ። ጌታ ዛሬ ነገ ይመጣል ብለው የሚጠብቁት አማኞችም «የሞቱብን ወገኖች ይህ ቀን አምልጧቸው ይሆን?» ብለው ተጨነቁ። ጳውሎስ የመለሰላቸው ለዚህ ጭንቀት ነው። የዐረፍተ ነገሩ ክብደት ያለው «እንደ» በምትለው ትንሽ ቃል ላይ ነው። ተስፋ እንደሌላቸው ሰዎች እንዳያዝኑ አላቸው እንጂ እንዳያዝኑ አላዘዛቸውም። ይኸው ሐዋርያ አፍሮዲጡ ታሞ ለሞት ደርሶ በነበረ ጊዜ፣ ቢሞትበት ኖሮ ሐዘን በሐዘን ላይ ይደራረብበት እንደ ነበር በፊልጵስዩስ 2፥27 ሳያፍር ጽፏል። ጌታችንም አልዓዛርን ከጥቂት ጊዜ በኋላ እንደሚያስነሣው እያወቀ ከማርያም ጋር አልቅሷል።

ታዲያ ልቅሶን የመግታቱ ነገር ከየት መጣ? የእኛ ፈጠራ አይደለም፤ ሥሩ ሩቅ ነው። በሦስተኛው መቶ ዘመን አጋማሽ፣ እ.ኤ.አ. በ252 ገደማ፣ በሰሜን አፍሪካዋ ካርቴጅ ወረርሽኝ ገባ። ሰው የራሱን ቤተሰብ ሳይቀር ጥሎ ይሸሽ ነበር። የከተማዋ ጳጳስ ቆጵርያኖስ ሕዝቡን ሰብስቦ የሥራ ድርሻ ሰጣቸው፤ ባለጠጋው ገንዘብ፣ ድሃው ጉልበት እንዲያዋጣ፣ የሚረዱትም ወገኖቻቸውን ብቻ ሳይሆን ከሁለት ዓመት በፊት በንጉሡ በዴክዮስ ዘመን ያሳደዷቸውን ጭምር እንዲሆን አደረገ። እስከዚህ ድረስ እጅግ መልካም ነው። ነገር ግን በዚያው ጊዜ ስለ ሞት በጻፈው ድርሳኑ፣ ወደ ጌታ ስለ ሄዱት ወገኖች ማልቀስ እንደማይገባ፣ እነርሱ በዚያ ነጭ ለብሰው ሳለ እኛ በዚህ ጥቁር መልበሳችን አሕዛብ እምነታችንን እንዲጠራጠሩ ምክንያት እንደሚሰጥ አስተማረ። ቆጵርያኖስን እናከብራለን፤ በ258 እርሱ ራሱ ስለ ክርስቶስ አንገቱን ሰጥቷል። በየቀኑ ሬሳ በሚወጣበት ከተማ ሕዝቡ በድንጋጤ እንዳይፈርስ መሥጋቱም ይገባናል። ቢሆንም በዚህ ነጥብ ከሉቃስ ጋር መቆምን እንመርጣለን።

የዚህ ትምህርት ዋጋ ምን እንደሆነ ከሁሉ ይልቅ ያሳየን ሌላው የሰሜን አፍሪካ ሰው አውግስጢኖስ ነው። በ387 ከተጠመቀ በኋላ ከእናቱ ከሞኒካ ጋር ወደ አፍሪካ ለመመለስ በኦስትያ ወደብ መርከብ ሲጠብቁ እናቱን ትኩሳት ያዛት። በዘጠነኛው ቀን ሞተች። እርሷ 56 ዓመቷ፣ እርሱ 33 ዓመቱ ነበር። ለዓመታት በእንባ ስትጸልይለት የኖረች እናት ናት። ዓይኖቿን በእጁ ከደነ። ሐዘኑ ከውስጡ ሞልቶ ወደ ዓይኑ ሲወጣ በኃይል መልሶ አስገባው። ልጁ አዴዎዳጦስ ግን ገና ወጣት ነውና ጮኾ አለቀሰ፤ በቤቱ የነበሩት ሁሉ ዝም አሰኙት። ከዚያም ወዳጁ ኤቮድዮስ መዝሙረ ዳዊትን አንሥቶ መዘመር ጀመረ፤ ቤቱ ሁሉ ተቀበለው።

ወገኖች፣ ይህ የእኛ ድንኳን አይደለምን? የሚያለቅሰው ልጅ ዝም ሲባል፣ አንዱ መዝሙር ሲያነሣ፣ ዘመዱ ሁሉ ሲቀበል!

አውግስጢኖስ የቀረውን ሳይደብቅ ጽፎታል። ለሚያጽናኑት ሰዎች ስለ እምነት በተረጋጋ ድምፅ ይናገር ነበር፤ ሰዎቹም ምንም ያላዘነ መሰላቸው። በቀብሩም አላለቀሰም። ሐዘኑ ግን አልለቀቀውም፤ ማዘኑ ራሱ ስላሳዘነው ሐዘኑ እጥፍ ሆነበት። መታጠብ ጭንቀትን ያቀላል ሲባል ሰምቶ ታጠበ፤ እንደ ገባ ወጣ። ተኝቶ ሲነሣ ከአምብሮስ የተማረው የምሽት መዝሙር ትዝ አለው። ያን ጊዜ በአልጋው ላይ፣ በእግዚአብሔር ፊት ብቻውን፣ ይዞት የነበረውን እንባ ለቀቀው፤ ልቡም በእንባው ላይ ዐረፈ። ለእናቱ ጥቂት ደቂቃ ማልቀሱን እንደ ኃጢአት የሚቆጥርበት ሰው ቢኖር፣ እንዳይስቅበት ይልቁንም ስለ ኃጢአቱ እንዲያለቅስለት ይለምናል። ያን ያህል ታላቅ መምህር ለእናቱ በማልቀሱ ራሱን መከላከል አስፈልጎታል። እኛን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነን ግን ብቻውን ማልቀሱ ነው። ቤቱ በወንድሞች ተሞልቶ ነበር።

ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ፣ በመስከረም 1542 እ.ኤ.አ.፣ በዊተንበርግ የማርቲን ሉተር ልጅ መግደሌና በ13 ዓመቷ በአባቷ እቅፍ ሞተች። ሉተር በዚያው ሳምንት ለወዳጁ ለዮስጦስ ዮናስ ሲጽፍ፣ እርሱና ሚስቱ ልጃቸው ከዚህ ዓለም ክፋት በማምለጧ ማመስገን እንደሚገባቸው ያውቃል፤ ነገር ግን ያለ እንባና ያለ ሲቃ ማመስገን እንዳልቻሉ፣ የክርስቶስን ሞት ማሰብ እንኳ የወላጅን ፍቅር ሕመም ፈጽሞ እንዳላጠፋው ይናገራል። የጸጋው ወንጌል መምህር ምስጋናውንም እንባውንም በአንድ ደብዳቤ አስቀመጣቸው።

በአገራችን ነገሩ የራሱን መልክ ያዘ። ሕዝባችን ድንገተኛ ሞትን የሚቀበልበት ሥርዓት ነበረው፤ ዛሬም አለው። መርዶ በዘፈቀደ አይነገርም። ጎረቤትና ሽማግሌ ተማክረው፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ፣ ሰው ከቤት ሳይወጣ ይሄዳሉ፤ መርዶውን የሚሰማው ሰው ሲወድቅ የሚደግፈው እጅ አስቀድሞ በዙሪያው ቆሟል። የእድሩ ጡሩምባ ይነፋል፣ ድንኳኑ ይተከላል፣ ሐዘንተኛው ቤት እሳት እንዳያነድ ጎረቤት እዝን ይዞ ይመጣል። ከዚህ ጋር ደግሞ ፊት መንጨት፣ በአስለቃሽ ሙሾ እስኪደክሙ መጮኽ፣ ለተዝካር ተብሎ ዕዳ መግባት ነበረ። የወንጌል አባቶቻችን እነዚህን ተዉ፤ ስለ ሞተ ሰው ሥጋን መተልተል በዘሌዋውያን 19፥28 የተከለከለ ነውና መተዋቸው ልክ ነበር።

የተዉበት ሁኔታ ግን ከባድ ነበር። በብዙ ቦታ አዲስ አማኝ «መጤ ሃይማኖት ያዘ» ተብሎ ከእድር ተሰርዟል፤ ሬሳው መቃብር ተከልክሎ ቤተሰብ በሜዳ የቀረበት ጊዜ ነበር። ለዚህም ነው አማኞች የራሳቸውን እድርና የራሳቸውን መቃብር ቦታ ያቋቋሙት። በእንዲህ ያለው ቀብር ላይ የጎረቤት ዓይን ሁሉ ያይ ነበር። ካለቀሱ «እምነታቸው አላዳናቸውም» ይባላል፤ ካላለቀሱ «ጨካኞች ናቸው» ይባላል። አባቶቻችን ዘመሩ። ያ ዝማሬ በዚያ ቀን ድፍረት የሞላበት ምስክርነት ነበር፤ በኋላ ትውልድ ግን ሕግ ሆኖ ቀረ።

ከዚያ ደርግ መጣ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ ልጁ ተገድሎ መንገድ ላይ የተጣለበት ወላጅ እንዳያለቅስ ይከለከል ነበር፤ ሬሳውን ለመውሰድ የጥይት ዋጋ የተጠየቀም ነበረ። በ1974 ዓ.ም. የመካነ ኢየሱስ ዋና መሥሪያ ቤት ሕንፃ ተወረሰ፤ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ተዘጋች፣ መሪዎቿም ታሰሩ። ቅዱሳን በየቤቱ በጥቂት በጥቂቱ ሆነው ተሰበሰቡ። ያን ዘመን ያለፉ ወገኖች እንደሚናገሩት ብዙ ሰው በአንድነት ሊሰበሰብ የሚችለው በሠርግና በልቅሶ ነበርና ድንኳኑ መድረክ ሆነ፣ ወንጌል ተሰበከበት፣ ብዙዎችም ዳኑበት። ጌታን እናመሰግናለን። ዛሬ ግን የጸሎት ቤታችን በር ክፍት ሆኖ ሳለ በልቅሶ ቤት ለአንድ ሰዓት የምንሰብከው ከዚያ ዘመን የተረፈ ልማድ ይመስለናል። ሐዘንተኛዋ ባሏን መቅበሯን ረስተን ለጎረቤቶቿ ስብከት እናሰማለን።

የዚያ ዘመን ትልቁ ቁስል የቄስ ጉዲና ቱምሳ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ነበሩ። ሁለት ጊዜ ታስረው ተፈተዋል። ከአገር እንዲወጡ መንገድ ሲመቻችላቸው፣ ክርስቶስ ስለ ሁሉ ከሞተ እንግዲህ ለራሳችን አንኖርም የሚለውን የ2ኛ ቆሮንቶስ 5ን ሐሳብ ጠቅሰው መንጋውን ትቼ አልሄድም አሉ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ፣ በአዲስ አበባ በዑራኤል መካነ ኢየሱስ ቃሉን አስተምረው ከግቢው ሲወጡ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ጋር ታፈኑ። ወይዘሮ ፀሐይን ከከተማ ዳር ጥለዋቸው ሄዱ። ቄስ ጉዲና በዚያው ሌሊት ተገደሉ።

መገደላቸውን ግን ማንም አልተናገረም። መርዶ የለም፣ ሬሳ የለም፣ ድንኳን የለም። በውጭ ያሉ አብያተ ክርስቲያናት ጠየቁ፤ ቁርጥ ያለ መልስ አልተሰጣቸውም። አንዱ «በሕይወት አሉ» ሲል፣ ሌላው «የለም» ሲል ዓመታት አለፉ። በጸሎት «አስፈታልን» ይባል ወይስ «ቤተሰቡን አጽናና» ይባል? ወይዘሮ ፀሐይ ራሳቸው በ1972 ዓ.ም. ታሰሩ፤ ክፉኛ ተገረፉ፤ ያለ ፍርድ ወደ አሥር ዓመት የሚጠጋ ጊዜ በእስር ቆዩ። ባላቸው ይኑሩ ይሙቱ በእርግጥ ሳያውቁ።

አማርኛችን ለዚህ «እርም» የሚል ቃል አለው። የሞተው ሰው በሩቅ ቀርቶ ሬሳው ካልተገኘ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ አልቅሶ እርሙን ያወጣል። እርም ያልወጣለት ሐዘን ከቤት አይወጣም ይባላል። ለዚህች ቤተ ክርስቲያን እርም ማውጣት አሥራ ሦስት ዓመት ተከልክሎ ነበር። በዚያው ክረምት የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ቴዎፍሎስም በደርግ እጅ ተገድለው የት እንደ ተቀበሩ ሳይታወቅ ቀርተዋል። በትምህርት የምንለያይ ሁለት አብያተ ክርስቲያናት በአንድ ከተማ፣ በአንድ ዘመን፣ አንድ ዓይነት ልቅሶ ተነፍገው ኖሩ።

ደርግ በ1983 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላ የተደበቁ መቃብሮች ተቆፈሩ። በ1984 ዓ.ም. የቄስ ጉዲና አፅም አዲስ አበባ ውስጥ ተገኘ፤ በዚያው ዓመትም በክብር ተቀበረ። የአቡነ ቴዎፍሎስም አፅም በዚያው ዓመት በጎፋ ገብርኤል ዐረፈ። በ1971 ዓ.ም. በስውር የተገደለው አገልጋይ በአደባባይ ተለቀሰለት። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ የትንሣኤ ተስፋ አልጎደለም፤ ተስፋው ግን ቀብሩን አላስቀረውም። ወይዘሮ ፀሐይ ከዚያ በኋላ ሃያ ሁለት ዓመት ያህል ኖረው ስለ ጌታ ታማኝነት መሰከሩ፤ በ2007 ዓ.ም. ወደ ጌታቸው ሄዱ።

ይህ የድሮ ታሪክ ብቻ አይደለም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች ሲሞቱ፣ ቤተሰቦች የሚቀብሩት ሬሳ አላገኙም። ከወደቀበት ስፍራ የተወሰደ የተቃጠለ አፈር ተሰጣቸው፤ በሚቀጥለው እሑድ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ሬሳ የሌለባቸው የአስከሬን ሣጥኖች ተሰልፈው ተለቀሰላቸው። አፈሩን ተቀብለው የቀበሩትን ሞኞች የሚላቸው ማን ነው?

በውጭ አገር ያሉ ጉባኤዎቻችንም የአባቶችን ጥበብ ይዘው ቀጥለዋል። በአሜሪካ ወይም በዐረብ አገር ያለች እኅት እናቷ አገር ቤት ስትሞት፣ የሰሙት ወገኖች እርስ በርስ ተደዋውለው፣ ፌስቡክ ላይ ማንም እንዳይለጥፍ አስጠንቅቀው፣ ሥራ ሳትገባ በጠዋት ከመጋቢያቸው ጋር በሯን ያንኳኳሉ። በሩን ስትከፍት ቁጥራቸውን አይታ ሁሉን ታውቀዋለች።

አንድ ነገር ግን ሁላችንም ጥለናል። ተዝካርን ስንተው፣ ለሙታን የሚደረገውን ጸሎት ብቻ አልነበረም የተውነው። ሣልስት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት የሚባሉት ቀኖች ሰውን ወደ መበለቲቱ በር የሚመልሱ ቀጠሮዎችም ነበሩ። ትምህርቱን በቃሉ መዝነን ተውን፤ በቀጠሮው ምትክ ግን ምንም አልተከልንም። የእኛ ድንኳን በሦስተኛው ቀን ይነሣል፣ ወንበሩ ይጫናል፣ ከዚያ በኋላ መዝገባችን ባዶ ነው። በድንገት ባሏን ያጣች ሴት ደግሞ እውነቱ የሚገባት ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ፣ በሁለተኛው ወር ነው።

ስለዚህ በእኛ አጥቢያ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ዲያቆናት አንድ ደብተር ይዘዋል። ከሟቹ ስም አጠገብ አርባኛው ቀን፣ ስድስተኛው ወርና ዓመቱ ይጻፋል። ቀኑ ሲደርስ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ቡናና ዳቦ ይዘው ይሄዳሉ። ስብከት አይዙም፤ ጸሎትም የሚያደርጉት ቤተሰቡ ሲጠይቅ ነው። የሟቹን ስም መጥራት ግን ግዴታቸው ነው። ልጇን በመኪና አደጋ ያጣች አንዲት እናት በአርባኛው ቀን ሲሄዱላት ፎቶውን ከሣጥን አውጥታ ቡናው ሦስት እስኪደርስ ስለ እርሱ አጫወተቻቸው። ከዚያም አለቀሰች። አንዲት ዲያቆን ጎኗ ተቀምጣ አብራ አለቀሰች፤ መዝሙር ያነሣ ሰው አልነበረም።